ካልተገለበጠ አይገጥምም

ባለፈው ሰሞን ለልጅ ልጄ ሠርግ ዕቃ ልገዛ ከገንዳ ውሃ ወደ መተማ ዮሐንስ ወርጄ ነበር። ድሮ ሻይ ቤት የነበረበት ጥግ ላይ አሁን ፎቅ እየተሠራበት ነው። ከውስጥ የኤሌክትሪክ መጋዝ ይጮኻል፤ አዲስ የተቆረጠ የዝግባ ሽታ መንገዱ ድረስ ወጥቷል። አናጢ የነበረ ሰው እንዲህ ያለ ሽታ አልፎ መሄድ አይሆንለትምና ቆምኩ። በዚህ መሀል መጋዙ ዝም አለና አንድ ጎረምሳ መሰላል ላይ እንደቆመ ባልደረባውን በሙሉ ድምፁ «ገልብጠው እንጂ! ራሱን ወደ ታች! ካልተገለበጠ እኮ አይገጥምም!» አለው። እኔም ሳላስበው ዞር ብዬ ማን ሰማ ብዬ መንገዱን ቃኘሁ። ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም። ባጃጆቹ ይከንፋሉ፤ ከርከዴ የምትሸጠው ሴትዮ ብርጭቆዋን ታለቀልቃለች። እኔ ግን በዚያ ሁሉ ሙቀት ጀርባዬን በረደኝ። ጎረምሳው አየኝና «አባባ፣ የሚፈልጉት ሰው አለ?» አለኝ። «የለም ልጄ፤ መገልበጡን ማን አስተማረህ?» ስለው ሳቀ። «ኧረ አባባ፣ ስልክ ላይ አይቼ ነው። ይኸ ደሞ ምን አስተማሪ ይፈልጋል?» አለኝ። እውነቱን ነው፣ አይፈልግም። በኛ ጊዜ ግን ይህንኑ ቃል ጮክ ብሎ የተናገረ አንድ አናጢ ነበር፤ መርሻ የሚባል። የሥራ ባልደረባዬ ነበር።

የደርግ ጊዜ ነው። ዓመቱን ብትጠይቁኝ እሳሳታለሁ፤ የለበስነውን ብትጠይቁኝ ግን አልሳሳትም። ሹማምንቱ ካኪ ለባሾች ነበሩ። ነጋዴው ከጋላባት በመጣ ነጭ ጀለብያ ይንጎማለላል። ከደጋ ለሰሊጥ አጨዳ የሚወርደው ሠራተኛ እግሩ ላይ ኮንጎ ጫማ፣ ትከሻው ላይ ጋቢና ማጭድ አያጣም። ሻይ በስሙኒ ጠጥተህ መልስ ይሰጡሃል። አሁን ፎቅ የሚሠራበት ጥግ ላይ የነበረው ሻይ ቤት አንድ ትልቅ ራዲዮ ነበረችው፤ ቀኑን ሙሉ የሱዳን ዘፈን ታሰማለች። እኛም ቃሉን ሳናውቅ አብረን እናዜማለን። የዜና ሰዓት ሲደርስ ባለቤቱ ፈጠን ብሎ ጣቢያውን ወደ አገር ቤት ያዞርና ድምፁን እስከ መጨረሻው ይለቀዋል። ዜናው ናፍቆት እንዳይመስላችሁ፤ በር ላይ የሚያልፈው አብዮት ጠባቂ እንዲሰማለት ነው። ከዚያ ውጭ ሁሉም ነገር በሹክሹክታ ነበር። የበግ ዋጋ ሳይቀር በጆሮ ይነገራል። ድንበሩ ከሻይ ቤቱ በር ላይ ይታያል፤ ከወንዙ ማዶ ሱዳን ነው። ትናንት አብሮህ ሻይ የጠጣ ሰው ዛሬ ወንበሩ ባዶ ይሆናል። ተሻግሮ ይሁን ተወስዶ የሚጠይቅ የለም፤ ወንበሩን ሌላ ሰው ይቀመጥበታል።

እንግዲህ እንዲህ ባለ ከተማ ውስጥ ነው እግዜር አያ መርሻን ያስቀመጠው። አያ መርሻ የጎጃም ሰው ነው፤ ዕድሜው ከኔ ከፍ ይላል። አናጢ ከመሆኑ በፊት አብደራፊ እርሻ ላይ ብዙ ዘመን ትራክተር ሲነዳ የሞተሩ ጩኸት ጆሮውን በላው። ከዚያ በኋላ የራሱን ድምፅ እንኳ አይሰማም፤ ስለዚህ ዝቅ ማድረግ የሚባል ነገር አያውቅም። «ና ምስጢር ልንገርህ ወንድምዓለም!» ብሎ ሲጀምር ገበያው ጆሮውን ያቆማል። ከዚያ የሚነግረኝ ምስጢር ዱቄት መወደዱን ነው። ሚስቱ እትዬ ጥሩነሽ «የኔ ባል ምን በልቶ እንዳደረ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል» እያለች ትስቃለች። እንጨት ቆርጦ ሲጨርስ «ኸላስ!» ይላል፤ አለቀ ማለት ነው፣ ከሱዳኖቹ የለመደው ነው። ከጉምሩኩ በር እስከ ገበያው ጫፍ ድረስ ያ «ኸላስ!» ሲሰማ ሰው «አያ መርሻ አንድ እንጨት ጨረሰ» ይል ነበር። እኔም ያኔ ሁለት ልጆች ወልጄ ሥራ ሳጣ ያስጠጋኝ እሱ ነበርና እንደ ታላቅ ወንድሜ ነው የማየው።

ሀብቱ አንድ መጋዝ ነበረች። ጀርባዋ ብረት የለበሰ፣ ጥርሷ የደቀቀ፣ ከገዳሪፍ ያመጣት የማዕዘን መጋዝ። እሱ እንደ ሱዳኖቹ «ሙንሻር» ይላታል። ከጠንካራ እንጨት የተሠራ ክዳን የሌለው ሳጥን አላት፤ ሳጥኑ ግራና ቀኝ በአርባ አምስት ዲግሪ የተሰነጠቀ ነው፣ መጋዟ በዚያ ስንጥቅ ውስጥ ብቻ ትመላለሳለች። የመተማ ክረምት ብረት አይምርም፤ የዛሬ ንጹሕ ምላጭ በማግስቱ ቀይ ነው። ስለዚህ ሥራ ሲያበቃ መጀመሪያ ብናኙን በብሩሽ ያራግፋል፣ ከዚያ ጥርሱ ሥር የያዘውን የእንጨት ሙጫ ነጭ ጋዝ በነካ ጨርቅ ይጠርጋል፣ በመጨረሻ የሰሊጥ ዘይት በጣቱ ቀጭን አድርጎ ይቀባታል። «ወፍራም ኸቀባሃት ብናኝ ትሰበስባለች፤ ሴትና ሙንሻር ስስ ቅባት ነው የሚያምርባት!» ብሎ ሲጮኽ እትዬ ጥሩነሽ ከጓዳ ትሰድበዋለች። ባለ ሦስት ማዕዘኗን ሞረድ ይዞ ሲስላት ሌላው አናጢ ድምፁን ነው የሚያዳምጠው። እሱ ጆሮ ስለሌለው አውራ ጣቱን ጀርባዋ ላይ አሳርፎ በንዝረቷ ይለያል። ከዚያ ጥርሶቿን አንዱን ወደ ግራ አንዱን ወደ ቀኝ ያዘነብላል፤ ያ ካልሆነ መጋዙ እንጨቱ ውስጥ ይነከሳል። ሳጥኑንም ይመረምራል፣ ስንጥቁ በመመላለስ ብዛት ከሰፋ አርባ አምስቱ ይበላሻልና።

አንድ የበጋ ወቅት፣ ሰሊጡ ተሰብስቦ መጋዘን በገባ ሰሞን፣ ከላይ ትልቅ እንግዳ ይመጣል ተባለና የስብሰባ አዳራሹን ኮርኒስ እንድንሠራ ታዘዝን። ኮርኒሱ ተመታ። የቀረው ኮርኒሱና ግድግዳው የሚገናኙበትን መሥመር የሚሸፍነው ጌጠኛ ጠርዝ ነበር። ለሱም የሚሆን ዝግባ ከጎንደር በጭነት መኪና መጣ፤ ልክ ለልክ ነው፣ ትርፍ የለውም። ይኸ ጠርዝ እንደ ተራ ጣውላ ተጋድሞ አይቆረጥም፤ ግድግዳውና ኮርኒሱ መሀል ዘንበል ብሎ ስለሚቀመጥ ሲቆረጥም እንደዚያው ዘንበል ማለት አለበት። ሳጥኑ ውስጥ ወለሉን እንደ ኮርኒስ፣ ጀርባውን እንደ ግድግዳ ትቆጥረዋለህ። በሌላ አነጋገር ጠርዙ ተገልብጦ ይገባል። ኮርኒሱን የሚነካውን ጎን ራስ፣ ግድግዳውን የሚነካውን እግር እንለዋለን፤ ስትቆርጥ ራሱ ታች ነው። በቁሙ ካስገባኸው ጥግ ላይ ሲደርስ አፉን ከፍቶ ይጠብቅሃል። አያ መርሻ መሰላል ላይ ሆኖ ይለካል፣ እኔ ታች ሆኜ እቆርጣለሁ፤ እሱም ከላይ «ገልብጠው! ራሱን ወደ ታች! ካልተገለበጠ አይገጥምም!» እያለ ባዶውን አዳራሽ ያናውጠዋል። ከመሰላሉ ጎን ግድግዳው ላይ ደግሞ የሊቀመንበሩ ፎቶ በትልቁ ተሰቅሏል። እኛ ሥራችን ላይ ስለነበርን አንዱን ከሌላው አላገናኘነውም።

ያገናኘው መስኮቱ ሥር ጥላ ይዞ የተቀመጠው ዘበኛ ነው። በማግስቱ የከተማው ካድሬ መጣ። ጓድ ሲሳይ ይባላል፤ ቀጠን ያለ፣ ሲናገር የማይቸኩል ሰው ነው። አያ መርሻ ምስማር ሊያመጣ ወጥቶ ስለነበር ያገኘው እኔን ነው።

«ማነው የሚገለበጠው?» አለኝ።

«እንጨቱ ነው ጓድ።»

«ራሱ ወደ ታች የሚሆነውስ?»

«እሱም እንጨቱ ነው ጓድ» አልኩና ሁለት ቁርጥራጭ አንስቼ አሳየሁት። አንዱን በቁሙ ቆረጥኩ፣ አንዱን ገልብጬ። ሁለቱንም ተቀብሎ ጥጉ ላይ ለካቸው። የመጀመሪያው ጣት የሚያሳልፍ ክፍተት አወጣ፣ ሁለተኛው ገጥሞ ቁጭ አለ። አውራ ጣቱን መጋጠሚያው ላይ አሻሸ።

«ገብቶኛል» አለ። «አባቴም አናጢ ነበሩ፤ በርና መስኮት ይሠሩ ነበር። እኔ ገብቶኛል። ዘበኛው ግን አልገባውም፤ ከዘበኛው የሰሙትም አልገባቸውም። ወሬው እንጨቱን እዚህ ጥሎ ቃሉን ብቻ ይዞ ነው የሄደው። ለባልደረባህ ንገረው፤ ያ ቃል ከዚህ አዳራሽ ሁለተኛ እንዳይወጣ።»

«ጆሮው አይሰማም ጓድ፤ ድምፁን ዝቅ ማድረግ አይችልም።»

«እንግዲያው ዝም ይበል» አለና ሄደ።

አሁን ደግሞ ለማይሰማ ሰው ዝም በል ብዬ በምን ልንገረው? በጆሮው ሹክ ብለው «ምን?!» ይለኛል፤ ጮክ ብዬ ብነግረው ራሴ ቃሉን ለከተማው ማወጄ ነው። መጨረሻ እጁን ይዤ ከከተማ አወጣሁትና ሰሊጥ የታጨደበት ሜዳ መሀል ደረስን። ከዋልካ መሬትና ከወፍ በቀር የሚሰማን አልነበረም። እዚያ አፌን ጆሮው ላይ ደግኜ ሁሉንም ነገርኩት። «እኔ? እኔ ማንን ገለበጥኩ?!» ብሎ ሲጮኽ ወፎቹ ተነሥተው በረሩ። ከዚያ ገባውና መሬት ላይ ቁጭ አለ። ፊቱ ላይ ያን ዕለት ያየሁትን ፍርሃት ከዚያ በፊት አይቼበት አላውቅም። እዚያው ተቀምጠን ምልክት አወጣን፦ መዳፍ ወደ ሰማይ፣ ከዚያ መዳፍ ወደ መሬት። ገልብጠው ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ሥራው ሁሉ በምልክት ሆነ። አያ መርሻ ከንፈሩን ነክሶ መሰላል ላይ ይቆማል፤ እኔ ወደ ላይ አያለሁ፣ እጁ ይገለበጣል፣ እንጨቱን እገለብጣለሁ፣ እቆርጣለሁ። «ኸላስ»ም ቀረች። ዘበኛው አሁን መስኮቱ ሥር ሳይሆን በሩ ላይ ነው የሚቀመጠው፤ አንዳንዴ ገብቶ ያየናል፣ ተመልሶ ይወጣል። ሻይ ቤት ስንገባ ከጠረጴዛችን ሰው ብድግ ማለት ጀመረ። እትዬ ጥሩነሽ ምሳ ይዛ ስትመጣ ሳህኑን ሰጥታ በመሄድ ፈንታ በር ላይ ቆማ የባሏን አፍ ታያለች። እኔም ሌላ ጸሎት አልነበረኝም፤ ይቺ ሥራ አንዲት ቃል ሳትወጣው ትለቅ ብቻ ነበር የምለው።

የቀረን አንድ ጥግ ነበር፣ ከፎቶው በላይ ያለው። የቀረችንም አንዲት እንጨት። ያን ቀን ከሰዓት በፊት ጓድ ሲሳይ ከጎንደር የመጡ ሽጉጥ የታጠቁ ሰዎችን ይዞ አዳራሹን ሊያሳያቸው ገባ። እነሱ ሙቀቱ ስለከበዳቸው አግዳሚው ላይ ተቀምጠው በባርኔጣቸው ይራገባሉ። ጓድ ሲሳይ መጋዟን ሲያያት ፊቱ ፈካ፤ አባቱ ትዝ አሉት መሰለኝ። «እስቲ ይችን እኔ ልቁረጣት» አለና ከእጄ ወሰዳት። እንጨቷንም ግድግዳ ላይ እንደምትሆነው አድርጎ በቁሟ ሳጥኑ ውስጥ አስቀመጣት። ያልለመደ ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያደርገው፤ እሱም ያየውን ረስቶታል። ቃሉን እንግዶቹ ፊት ላወጣው አልደፈርኩም። መዳፌን ዘርግቼ ገለበጥኩለት፤ ምልክታችንን ግን እሱ አያውቀውም። መጋዟ የእንጨቱን ጠርዝ ነካች።

«ገልብጠው!» አለ አያ መርሻ ከመሰላሉ ላይ። «ገልብጠው እንጂ! ራሱን ወደ ታች! ካልተገለበጠ አይገጥምም!»

መራገቡ ቆመ። ከእንግዶቹ አንዱ ቀስ ብሎ ተነሣና መጀመሪያ መሰላሉን፣ ቀጥሎ ከመሰላሉ ጎን ያለውን ፎቶ አየ። «ምን አለ ይኸ ሰውዬ?» አለ። ጓድ ሲሳይ መጋዟን እንደያዘ እንጨቱን አየ፣ እኔን አየኝ፤ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ስለ እንጨቱ ነው ሊል ነው ብዬ ልቤ ዘለለ። ከዚያ እንግዶቹን አየ። «ውሰዱት» አለ። አያ መርሻ ምኑንም አልሰማም። መጋዟ መቆሟን ብቻ አይቶ የተግባባ መስሎት ፈገግ አለና «እንደሱ ነው! አሁን ገልብጠው!» አለ። ዘበኛው መሰላሉን እስኪይዘው ድረስ ፈገግታው ፊቱ ላይ ነበር።

እኔን «ጨርሰው» ብለውኝ ወጡ። ዘበኛው እያየኝ እንጨቱን ገለበጥኩት። ሌላ ምን ላድርግ፣ ሌላ አቆራረጥ የለው። ቆረጥኩ፣ ወጣሁ፣ ሰቀልኩ፤ ገጠመ፣ ፀጉር አያስገባም። ዋናው እንግዳ በመጨረሻ ሳይመጡ ቀሩ። እስካሁን ሳስበው የሚያንገበግበኝ ጓድ ሲሳይ ገብቶት መሆኑ ነው። ባይገባው ኖሮ ጥላቻዬ ይቀልልኝ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ወደ ሌላ አውራጃ ተዛወረ ተባለ፤ ሁለተኛ አላየሁትም።

አያ መርሻ የት እንዳለ የሚነግረን ጠፋ። መጋዟን ቤቴ ወሰድኳት። ክረምቱ ገባ፤ ጭቃው መንገዱን ዘጋ፣ ግድግዳው ሁሉ ላበው። እኔም ይቺ መጋዝ ከዛገች ሰውየው አይመለስም የሚል ነገር አእምሮዬ ውስጥ ገባና ሥራ ኖረኝ አልኖረኝ በየቀኑ ነጭ ጋዝና የሰሊጥ ዘይት ይዤ አጠገቧ እቀመጥ ነበር። እትዬ ጥሩነሽ ትመጣለች። ስለ ባሏ መጠየቅ ያስፈራታል፣ የሚሰማትም አይጠፋም፤ ስለዚህ በር ላይ ቆማ «ዛገች ወይ?» ትለኛለች። «አልዛገችም እትዬ» እላታለሁ። ነጠላዋን ሰብስባ ትሄዳለች። ባሏን የምንጠያየቀው በዚህ ነበር።

ሰሊጡ ታጭዶ፣ ታስሮ ማሳው ላይ በቆመበት ጊዜ መጣ። በሬ ላይ ቆሞ ሳየው አላወቅሁትም፤ ከስቷል፣ ራሱን ተላጭቷል፣ እግሩ ላይ የሰው ኮንጎ አጥልቋል። አቅፌው አለቀስኩ። እሱ አላለቀሰም። መጋዟን ከተጠቀለለችበት ጨርቅ አውጥቼ እጁ ላይ አኖርኩለት። በአውራ ጣቱ ጥርሷን ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳሰሰና አንድ ነገር አለ። አልሰማሁትም።

«ምን አልከኝ?» አልኩት። ጆሮዬ ደህና የሆነው እኔ።

ከንፈሩን እንደገና አንቀሳቀሰ። ጠጋ አልኩ። «አልዛገችም» ነበር ያለኝ።

የራሱን ድምፅ የማይሰማ ሰው እንዴት ዝቅ አድርጎ መናገር ሊማር እንደሚችል ዛሬም አላውቅም። ምን አድርገው እንዳስተማሩት አልነገረኝም። አንድ ቀን ያ ሜዳ ድረስ ወስጄው፣ ጆሮው ሥር ጮኼ ጠየቅሁት፤ ፊቱን አዙሮ ወደ ከተማው መንገድ ጀመረ። አብረን መሥራት ቀጠልን፤ ሥራውም እንደ ድሮው ያማረ ነው፣ መጋዟንም እንደ ድሮው ይስላታል። «ኸላስ» ግን ለዘላለም ቀረች። እትዬ ጥሩነሽ አንድ ቀን ወንፊት እያራገፈች «ድሮ ባሌ ምን በልቶ እንዳደረ ሰፈሩ ያውቅ ነበር፤ አሁን እኔም አላውቅ» አለችኝ። አልሳቀችም።

ከዓመታት በኋላ መንግሥት ወደቀ። ወሬው መተማ የደረሰ ቀን ሰው ከየቤቱ ወጥቶ መንገዱን ሞላው። ሻይ ቤቱ ራዲዮውን በር ላይ አውጥቶ ለቀቀው፤ አንዱ ይጮኻል፣ አንዱ ያለቅሳል፣ አንዱ ሱቁን ይዘጋል። ስንት ዘመን በጥርሳችን የያዝናት ቃል በየመንገዱ በአደባባይ ትጮኻለች፤ «ተገለበጠ! ተገለበጠ!» እኔም ጫማዬ እየወለቀ ወደ ሥራ ቤታችን ሮጥኩ። አያ መርሻ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ መጋዟን ይሞርዳል፤ ያን ሁሉ ጩኸት አልሰማም። ፊቱ ሄጄ ቆምኩ። ብጮኽለትም በዚያ ሁሉ ጩኸት መሀል አይሰማኝም። ስለዚህ መዳፌን ወደ ሰማይ ዘረጋሁለትና ወደ መሬት ገለበጥኩት።

እጄን አየ። በሩን አየ። ሞረዱን አስቀመጠና የገለበጥኩትን መዳፌን በሁለት እጁ ይዞ መለሰው፤ ጣቶቼንም አንድ በአንድ አጠፋቸው።

«ይሰሙሃል» አለኝ።